የቤት ዕዳ ውዝፍ ሲሆን ምን ይደረጋል?

ጋዜጣ ሲገዙ ብዙዎቻችን አስቀድመን የምንፈልገው የክፍት ሥራ ማስታወቂያውን ነው። እርስዎም፤ አንባቢ ሆይ፤ ትምህርትዎን በቅርቡ የጨረሱ ወይም ደረጃዎን ለማሻሻል የሚያስቡ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከሆኑ እንዲሁ ሳያደርጉ አይቀሩም። ወደዚያ ገጽ ሲቸኩሉ ሳያዩት የሚያልፉት አንድ ሌላ ገጽ አለ። በሠንጠረዥ የተከፋፈለና በደቃቅ ፊደል የታተመ ገጽ ነው፤ በራስጌው ላይ «የሐራጅ ማስታወቂያ» የሚል ተጽፎበታል።

አንድ ቀን ቆም ብለው ያንብቡት። በመጀመሪያው ዓምድ የተበዳሪው ስም ከነአባቱ ይገኛል። ቀጥሎ የአስያዡ ስም፣ ከዚያም ክፍለ ከተማው፣ ወረዳው፣ የቤቱ ቁጥር፣ የካርታው ቁጥር፣ የቦታው ስፋት፣ የሐራጁ መነሻ ዋጋ፣ በመጨረሻም ቤቱ የሚሸጥበት ቀንና ሰዓት ተዘርዝሯል። አንዳንድ ጊዜ ተበዳሪውና አስያዡ አንድ ሰው አይደሉም። የልጁ ስም በአንዱ ዓምድ፣ የአባቱ ወይም የእናቱ ስም በሚቀጥለው ዓምድ ሆኖ ሲታይ፣ በዚያ ቤት ምን እንደ ደረሰ ለመረዳት አዋቂ መጠየቅ አያስፈልግም።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው አንድ ቤት ከዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ፣ ይልቁንም ሳይገባ በየት በየት በኩል ሊወጣ እንደሚችል ለማስረዳት ነው። «እኔ ገና ቤት የለኝም፤ ይህ ነገር ምን ይጠቅመኛል?» ይሉ ይሆናል። ዳሩ ግን ዕጣ የወጣላት እኅት ያለችው፣ ወይም አባቱ መኖሪያ ቤታቸውን ለንግድ ብድር ያስያዙበት ሰው በመካከላችን ጥቂት አይደለም። ደግሞም ከባንክ ደብዳቤ ሲመጣ አንብቦ እንዲያስረዳ የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ የተማረው ልጅ ነው። ያ ልጅ ምናልባት እርስዎ ነዎት።

በአባቶቻችን ዘመን የብዙ ሰው ቤት የሚሠራው በጥቂት በጥቂቱ ነበር። ዘንድሮ ግድግዳው ይቆማል፣ ለከርሞ ቆርቆሮው ይገዛል፣ ወለሉ ደግሞ ልጅ እስኪዳር ይቆያል። ዕዳም ቢኖር ከዘመድ ነው። ለቤት መሥሪያ የሚያበድር ድርጅት በአገራችን ከ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት ጀምሮ የታወቀ ቢሆንም፣ በደመወዝ የሚተዳደረውን ሰው በብዛት ባለ ዕዳ ያደረገው ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ የተሠራው ኮንዶሚኒየም ነው። 10/90፣ 20/80፣ 40/60 የሚባሉት ስሞች ራሳቸው የዕዳ ስሞች ናቸው። 20/80 ማለት ከቤቱ ዋጋ ሃያውን እጅ ባለ ዕጣው ቀድሞ ይከፍላል፣ ሰማንያውን እጅ ባንክ ያበድረዋል ማለት ነውና። ስለዚህ ቁልፍ የተረከበው ሰው ሁሉ በዚያው ቀን የብዙ ዓመት ዕዳ ተረክቧል።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ዕዳው በቀኑ ባይከፈል አበዳሪው በሕግ የተደነገገውን ሥርዓት ሳይከተል ቤቱን ይውሰድ ወይም ይሽጥ የሚል ውል ዋጋ የለውም ይላል። አባቶቻችን «ሳይከሰሱ ቤት አይሸጥም» ሲሉ የኖሩት ከዚህ የተነሣ ነው። ነገር ግን በ1990 ዓ.ም. በባንክ በመያዣ ስለ ተያዘ ንብረት አዋጅ ቁጥር 97/1990 ወጣ። በዚህ አዋጅ መሠረት ባንክና ተበዳሪ ከተዋዋሉ፣ ዕዳው በጊዜው ሳይከፈል ሲቀር ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን በሐራጅ ለመሸጥና ስሙን ለገዢው ለማዛወር ይችላል። ክስ አይመሠርትም፤ የዳኛ ፊትም አያይም። በጋዜጣው ማስታወቂያ ላይ «በአዋጅ ቁጥር 97/90 በተሰጠው ሥልጣን መሠረት» የሚለው ቃል የሚደጋገመው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ «መጥሪያ ይምጣና ያን ጊዜ እከራከራለሁ» ብሎ የሚጠብቅ ባለ ዕዳ፣ የማይመጣ መጥሪያ እየጠበቀ ነው።

ዕዳው እንዴት እንደሚከማች በቁጥር እንመልከት። ቁጥሩ ለስሌት ብቻ የተመረጠ ነው። አንድ ሰው 300,000 ብር ከመቶ 9.5 በሆነ የዓመት ወለድ ተበድሮ በ20 ዓመት ሊጨርስ ቢዋዋል፣ በየወሩ 2,796 ብር ያህል ይከፍላል። በመጀመሪያው ወር ከዚህ ገንዘብ ውስጥ 2,375 ብሩ ወለድ ነው፤ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 421 ብር ብቻ ነው። ተበዳሪዎች ሁለት ሦስት ዓመት ከፍለው ቀሪ ሒሳባቸውን ሲጠይቁ የሚደነግጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ የተሰረቁ ይመስላቸዋል። ይህ ሰው ሦስት ወር ሳይከፍል ቢቀር ውዝፉ 8,389 ብር ይሆናል። በውሉ ላይ የመዘግየት ቅጣት ተጽፎ እንደ ሆነ እርሱም ይጨመራል። በወር 2,796 ብር ያቃተው ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከየት ያመጣል?

ባንኩም በበኩሉ ቀን ይቆጥራል። ክፍያው 90 ቀን ያለፈው ብድር በባንኮች ሥርዓት «የተበላሸ ብድር» ከሚባለው ወገን ይመደባል፤ ባንኩም ስለ እርሱ ከገቢው ቀንሶ መጠባበቂያ ለመያዝ ይገደዳል። የተበዳሪው ስምም በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ይመዘገባልና ነገ ሌላ ባንክ ዘንድ ቢሄድ ታሪኩ ቀድሞት ይደርሳል። ይህ ሁሉ ለተበዳሪው ክፉ ዜና ይመስላል። ነገር ግን በጎ ጎኑን ይመልከቱ፤ 90ው ቀን እስኪሞላ ድረስ ብድሩ እንዳይበላሽ የሚፈልጉት እርስዎ ብቻ አይደሉም። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅም ይፈልጋል። ያ ቀን ካለፈ በኋላ ግን ጉዳይዎ ከሚያውቅዎ ሰው ጠረጴዛ ተነሥቶ ፊትዎን አይቶ ወደማያውቅ ክፍል ይዛወራል።

ስለዚህ ደመወዝ የተቋረጠ ወይም ሕመም የገባ እንደ ሆነ፣ የመጀመሪያው ክፍያ ከመዝለሉ በፊት፣ ቢዘገይ በዘለለበት ሳምንት፣ ወደ ባንኩ ይሂዱ። ዝምታ ወርቅ ነው የሚባለው በባንክ ቤት አይሠራም። ሲሄዱም የቃል ልመና ብቻ ይዘው አይሂዱ፤ ደብዳቤ ይጻፉ። በደብዳቤው የብድሩን ቁጥር፣ ችግሩ ምን እንደ ሆነና መቼ እንደ ጀመረ፣ ዛሬ በወር ስንት መክፈል እንደሚችሉ፣ ወደ ሙሉው ክፍያ መቼ ለመመለስ እንደሚያስቡ ያስፍሩ። የሐኪም ወረቀት ወይም የሥራ ስንብት ደብዳቤ ካለ ያያይዙ። ከዚያም ገቢ ያስደርጉትና በግልባጩ ላይ ቁጥሩንና ቀኑን ይያዙ። የመሥሪያ ቤት ሰው ነዎትና፣ ገቢ ያልሆነ ደብዳቤ እንዳልተጻፈ የሚቆጠር መሆኑን እኔ ልነግርዎ አይገባኝም።

ገንዘቡ ሙሉ ባይሆንም ያለዎትን ይክፈሉ። ሙሉ ስላልሆነ አፍሮ ጨርሶ መቅረት ከሁሉ የከፋ ነው። ባንኩ የሚያየው በመዝገቡ ላይ የቆመ ሒሳብና የሚንቀሳቀስ ሒሳብን ነው።

ምን ይጠይቁ? በተለምዶ ሁለት ነገር ይጠየቃል፤ አንዱ የእፎይታ ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው የብድሩን ዘመን ማራዘም ነው። ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ሁለተኛው ነው፤ ወርኀዊው ክፍያ እጅግ የሚቀልለት ይመስለዋልና። እስቲ ያንኑ የ300,000 ብር ብድር ከ20 ዓመት ወደ 25 ዓመት እናራዝመው። ወርኀዊው ክፍያ ከ2,796 ብር ወደ 2,621 ብር ይወርዳል። የተረፈው 175 ብር ነው። እስከ መጨረሻው የሚከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ ግን ከ115,000 ብር በላይ ይጨምራል። በወር 175 ብር ቤት አያድንም! ችግርዎ ጊዜያዊ ከሆነ፣ ለምሳሌ አዲስ ሥራ እስኪገኝ ወይም ከሕመም እስኪያገግሙ ከሆነ፣ የሚሻለው ለጥቂት ወራት ወለዱን ብቻ ልክፈል፣ ወይም ውዝፉ በሚቀጥሉት ዓመታት ላይ ይደላደልልኝ ብሎ መጠየቅ ነው። ባንኩ እሺ የማለት ግዴታ የለበትም። ቢሆንም በጊዜው፣ በጽሑፍና በቁጥር የቀረበ ጥያቄ ዘግይቶ በለቅሶ ከቀረበው ይልቅ የመሰማት ዕድል አለው። የተስማሙበትንም በጽሑፍ ይቀበሉ፤ «ችግር የለም፣ ይሂዱ» የሚል የቃል ተስፋ ሥራ አስኪያጁ ሲቀየር አብሮት ይሄዳል።

የብድሩን ውል ከሣጥን አውጥተው ያንብቡት። ሲፈርሙ የሕይወት ወይም የአደጋ መድን ገብተው እንደ ሆነ የደረሰው ችግር ይሸፈን እንደ ሆነ ይጠይቁ። የሟች አባታቸውን ዕዳ የሚከፍሉ ልጆች ከሁሉ በፊት ሊያዩት የሚገባው ወረቀት ይህ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ትዳር አንድ ቃል ላስገባ። ባል የቤቱን ውዝፍ ከሚስቱ ደብቆ፣ ከባንክ የሚመጣውን ደብዳቤ በመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ሲያከማች መኖሩ ያልተለመደ ነገር አይደለም። ሚስትም እንዲሁ ታደርጋለች። ሊያሳዝናት አልፈለገም ይባላል። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለመስጠት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሲያዝ አብራ የፈረመች ሚስት፣ ቤቱን ለማዳን በሚደረገው ነገርም ሁሉ ፊርማዋ መፈለጉ አይቀርም። ከጋዜጣ ከምታነበው ከባሏ አፍ ብትሰማው ይሻላል።

ባንኩ ካልራራ ወይም የሰጠው ጊዜ ካልበቃ ቀጥሎ የሚታሰበው ቤቱን አከራይቶ ራስን ወደ ርካሽ ቤት ወይም ወደ ወላጆች ቤት ማዛወር ነው። የኮንዶሚኒየም ባለ ዕጣዎች ብዙዎቹ ዕዳቸውን ሲከፍሉ የኖሩት በዚህ መንገድ ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ቤቱን 5 ዓመት ሳይሞላው እንዳይሸጥ ሲከለከል፣ ማከራየት ግን አልተከለከለም ነበርና። ለጊዜው ያሳፍር ይሆናል። የሆነ ሆኖ ሲያከራዩ አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አይርሱ። በዚህ አዋጅ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑም ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም፤ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። ስለዚህ «ለስድስት ወር አከራይቼ እመለሳለሁ» ወይም «የዓመት ኪራይ ተቀብዬ ውዝፉን በአንድ ጊዜ እዘጋለሁ» ብለው ያቀዱ እንደ ሆነ ዕቅድዎን እንደ ገና ያስሉት።

ከሌላ ተበድሮ ባንክን መክፈልስ? የመሥሪያ ቤትዎ የቁጠባና ብድር ማኅበር ካለውና እርስዎም አባል ከሆኑ ደግ ነው። የዕቁብ ዕጣ ቀድሞ እንዲሰጥዎ ዳኛውን መለመንም ያለ ነው። ከአራጣ አበዳሪ ደጃፍ ግን አይድረሱ። በወር ከመቶ 10 የሚጠይቅ ሰው በዓመት ከመቶ 120 ጠየቀ ማለት ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን በብድር ውል ላይ ተዋዋዮቹ ሊስማሙበት የሚችሉትን ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ወስኖታል፤ አራጣም በወንጀል ያስቀጣል። ምናልባት ሳያውቁ ገብተውበት እንደ ሆነ ደግሞ ይህን ይወቁ፤ ግለሰብ አበዳሪ የቤትዎን ካርታ በእጁ ስለያዘ ብቻ ቤትዎን በመያዣ ያዘ አይባልም። መያዣ የሚጸናው በሕጉ መሠረት በጽሑፍ ሆኖ በመዝገብ ሲገባ ነው። አዋጁ ለባንክ የሰጠው ያለ ፍርድ ቤት የመሸጥ ሥልጣንም ለእርሱ አልተሰጠውም።

አሁን የመጨረሻውንና ብዙ ሰው የሚጠላውን መፍትሔ ልንገርዎ፤ ይኸውም ቤቱን ራስዎ መሸጥ ነው። ይህን ያህል ከደከሙበት በኋላ መሸጥ እንደ ሽንፈት ይቆጠራል። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፤ ዕዳው በብር የተቆረጠ ነው፤ ብሩ ሲረክስ ዕዳው አብሮ አያድግም። የቤት ዋጋ ግን ሲያድግ ኖሯል። ስለዚህ ከብዙ ዓመት በፊት የተገዛ ቤት ዛሬ ከቀሪው ዕዳ ብዙ እጥፍ ሊያወጣ ይችላል። በሐራጅ የሚጠፋውም ያ ልዩነት ነው። ለምን ቢሉ፣ ወደ ሐራጅ የሚመጣው ገዢ ጥቂት ነው። በተለመደው የባንኮች ማስታወቂያ ተጫራቹ የመነሻ ዋጋውን አራተኛ እጅ በሲፒኦ አስይዞ መቅረብ፣ ካሸነፈም ቀሪውን በ15 ቀን ውስጥ መክፈል አለበት። ይህን ያህል ጥሬ ገንዘብ በእጁ ያለው ሰው ብዙ አይደለም፤ ያለውም የሚመጣው ርካሽ ፍለጋ ነው።

ራስዎ ሲሸጡ ግን ገዢውን እርስዎ ይመርጣሉ፤ ዋጋውንም እርስዎ ይከራከራሉ። ቤቱ በባንክ እግድ ውስጥ ስለሆነ ያለ ባንኩ ፈቃድ ስም ሊዛወር አይችልም። ስለዚህ አስቀድመው የቀሪ ዕዳዎን ልክ በጽሑፍ ከባንኩ ያውጡ፤ ለገዢውም ነገሩን ሳይደብቁ ይንገሩት። ገዢው ከዋጋው ላይ የዕዳውን ልክ በቀጥታ ለባንኩ ይከፍላል፤ ባንኩ እግዱን የሚያነሣ ደብዳቤ ለክፍለ ከተማው ይጽፋል፤ የተረፈው ለእርስዎ ይሆናል። ከዚህ አስቀድሞ ግን ቤቱ የሽያጭ ገደብ ያለበት ኮንዶሚኒየም እንዳይሆን ያረጋግጡ። ዕዳውን ሳያሳውቁ ቀብድ መቀበል ደግሞ ከባንክ ዕዳ ወደ ወንጀል ክስ መሻገር ነው።

ይህ ሁሉ ሳይሆን ቀርቶ የ30 ቀኑ ማስጠንቀቂያ ቢመጣስ? ደብዳቤው የሚላከው በውሉ ላይ በተጻፈው አድራሻ ነውና፣ ቤት ወይም ስልክ የቀየሩ እንደ ሆነ ለባንኩ አስቀድመው ያስታውቁ። በ30ው ቀን ውስጥ ውዝፉን መክፈልም ሆነ ገዢ አምጥቶ ማሳየት ይቻላል፤ ማስጠንቀቂያ ሽያጭ አይደለምና። «ሐራጁ ይታገድልኝ» ብለው ወደ ፍርድ ቤት የሚሮጡ አሉ። ነገር ግን አዋጁ ለተበዳሪው በግልጽ ያስቀመጠለት ካሣ ነው፤ ባንኩ ሐራጁን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት ባለማካሄዱ ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ይሆናል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው የደረሰበትን ቀን፣ ማስታወቂያው የወጣበትን ጋዜጣና የተጻፈውን መነሻ ዋጋ ሁሉ ሰብስበው ይያዙ። የቀኑ ቁጥር የጎደለ፣ ወይም የቤቱ ስፋት ተሳስቶ የተጻፈ እንደ ሆነ ከሐራጁ በፊት በደብዳቤ ይቃወሙ፤ ደብዳቤውንም ገቢ ያስደርጉ።

በሐራጁ ቀን ይሂዱ። ማስታወቂያው ተበዳሪው ባይገኝም ሐራጁ በሌለበት ይካሄዳል ይላል፤ ብዙዎቹም የቤታቸውን ሽያጭ ማየት አንችልም ብለው ይቀራሉ። ልባቸውን እረዳለሁ። ነገር ግን ስንት ሰው እንደ ቀረበና በስንት እንደ ተሸጠ በዓይኑ ያየ ሰው ኋላ የሚናገረው ይኖረዋል። በሁለተኛው ሐራጅም ገዢ ከታጣ፣ ውሉ የሚፈቅድ እንደ ሆነ ባንኩ ራሱ ቤቱን ሊረከብ ይችላል።

ከሽያጩ በኋላ ሒሳቡን በጽሑፍ ይጠይቁ። ቤቱ ከዕዳው፣ ከወለዱና ከወጪው በላይ ያወጣ እንደ ሆነ ትርፉ የባለ ቤቱ ነው፤ ባንኩ የሚወስደው የራሱን ብቻ ነው። ያነሰ እንደ ሆነ ደግሞ ጉድለቱ በተበዳሪው ላይ ይቀራል። ዕዳዎን እስከ መጨረሻው ከፍለው ለጨረሱትም አንድ የሚረሳ ነገር ላስታውስ፤ የመጨረሻውን ደረሰኝ ይዘው ወደ ቤት አይመለሱ። የዕዳ ነፃ ደብዳቤውን ከባንኩ ተቀብለው፣ ለክፍለ ከተማው አድርሰው፣ እግዱ ከማኅደሩ ላይ መነሣቱን በዓይንዎ ይዩ።